ከ«ወፈርክ» ምርቃት እስከ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት»፦ የአመጋገብ ለውጥ በአማርኛ የምግብና የገላ ቃላት ውስጥ

1. መነሻ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲካሄድ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው 3 በመቶ ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ዳሰሳ ይኸው ቁጥር ወደ 8 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በነዚሁ ዓመታት የከሱት ሴቶች ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 22 በመቶ ወርዷል። እንግዲህ በአገሪቱ ክሳት ዛሬም ከውፍረት ይበዛል፤ ነገር ግን ክሳት ሲቀንስ ውፍረት በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በከተማ ያለው ድርሻም ከገጠሩ እጅግ ይልቃል።

ቁጥሮቹን መመርመር የጤና ባለሙያዎች ተግባር ነው። የቋንቋ አጥኚ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህን ያህል ለውጥ በአንድና በሁለት ትውልድ ዕድሜ ሲመጣ፣ ሕዝቡ ስለ ምግቡና ስለ ገላው የሚናገርባቸው ቃላት ምን ሆኑ? ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው መከራከሪያ የሚከተለው ነው። አማርኛ ስለ ሰው ገላ የሚፈርድባቸው ቃላት የተቀረጹት ዋናው ሥጋት ረኃብ በነበረበት ዘመን ነው። አዳዲሶቹ ምግቦች ስማቸውን እንደያዙ ፈጥነው ወደ ቋንቋው ገቡ፤ ገላን የሚዳኙት ቃላት ግን በነበሩበት ቆዩ። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት የጤና ትምህርት መልእክቱን ይስታል፤ ከዚያም አልፎ ጤናን ያላስተማረ ሐፍረት ብቻ ሊገባበት ይችላል።

ማስረጃው በዋናነት በአዲስ አበባና በአካባቢው ከሚነገረው አማርኛ የተወሰደ ነው። እንዳስፈላጊነቱ ከትግርኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከሶማልኛና ከስዋሂሊ ጋር ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

2. ከክሳት ሥጋት የተቀረጹ ቃላት

«ወፍራም» በመሠረቱ የመጠን ቃል ነው። ገንፎ፣ ጋቢ፣ ገመድ፣ ድምፅ ሁሉ ወፍራም ይባላል፤ ተቃራኒውም «ቀጭን» ነው። ሁለቱም ሕይወት ላለውም ለሌለውም ያገለግላሉ። «ከሳ» የሚለው ግሥ ግን የሚነገረው ሕይወት ላለው ብቻ ነው፤ ገመድ ይቀጥናል እንጂ አይከሳም። «ቀጭን» ቅርጽን ሲገልጽ «ከሳ» የሚገልጸው ክስተትን፣ ያውም ጉድለትን ነው፤ የነበረ ሥጋ መጥፋቱን ይናገራል። ስለዚህ «ምነው ከሳህ?» የሚል ሰው አስተያየት መስጠቱ ሳይሆን መጨነቁ ነው፤ ቀጥሎም «አመመህ እንዴ?» ማለቱ የተለመደ ነው።

በተቃራኒው ወገን ሚዛኑ አይደፋም። አንድ ሰው ሥጋው ከሚገባው በላይ ሲጨምር ሁኔታውን ለይቶ የሚሰይም የሰው ገላ ግሥ የለም፤ ለመልኩም ለለውጡም የሚያገለግለው «ወፈረ» ብቻ ነው። ለእንስሳ ግን ቋንቋው ባለጸጋ ነው፦ በሬው ደለበ፣ በጉ ሰባ፣ ሰንጋና ሙክት ይባላል። እነዚህን ቃላት ለሰው ማዋል ስድብ ነው፤ «ደልቧል» የተባለ ሰው ከሰውነት ወደ እንስሳነት ወርዷል። «ስብ» የሚለው ስም ከግዕዙ «ሠብሐ» (ወፈረ፣ ሰባ) የወረደ ነው። ምስጋናን ከሚመለከተው «ሰብሐ» የሚለየው በንጉሡ «ሠ» ነው፤ የሁለቱ ፊደላት ድምፅ በአማርኛ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ዛሬ የሚታየው ጥንቃቄ ባለው አጻጻፍ ብቻ ነው። ሰባና ደለበ ከእርድ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው መድለብ በቋንቋው ውስጥ ዓላማ ያለው ሥራ እንጂ በሽታ ሆኖ አልተቀመጠም።

የቃላቱ አደረጃጀት ከታሪክ የመነጨ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በከብት እልቂት የጀመረውና በቋንቋው «ክፉ ቀን» ተብሎ የቀረው ረኃብ፣ የ1965ና 66ቱ የወሎ ረኃብ፣ እንዲሁም የ1977ቱ ድርቅ በሰው አእምሮ ውስጥ የቀሩት በከሳ ገላ ምስል ነው። እንዲህ ባለ ታሪክ ውስጥ «ወፈርክ፤ ተመቸህ» ማለት ምርቃት ነው። ዘመድ ከሩቅ ሲመለስ «ወፍረዋል፤ አገሩ ተስማምቶዎታል» ይባላል። አራስ በገንፎ፣ በቅቤና በአጥሚት ታርሳ ወፍራና ፊቷ ወዝቶ ስትወጣ ምስጋናው ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። ሕፃን «ድንቡሽ ያለ» ሲባል እናቱ ደስ ይላታል። «ወዝ» የሚለው ቃል ራሱ የተመቸው ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ልስላሴም የሠራተኛን ላብም ያመለክታል፤ «ወዛደር» የሚለው የአብዮቱ ዘመን ቃል የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ትርጉም ነው።

3. ጥጋብ፣ ሆድ እና ግብር

አማርኛ ከልክ ያለፈ አበላልን የሚነቅፍባቸው ቃላት የሉትም ማለት አይደለም። «ሆዳም»፣ «ስግብግብ»፣ «ስስታም» የሚሉት ጥንትም ነበሩ። ነገር ግን የሚነቅፉት ምግባርን ነው። ሆዳም ሰው ከሲታ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሰውም ስግብግብ ላይሆን ይችላል። «ጠገበ» የሚለው ግሥ ደግሞ በአንድ በኩል ሆድ መሙላትን፣ በሌላ በኩል መታበይን ያመለክታል፤ «ጥጋበኛ» የሚባለው በልቶ የወፈረው ሳይሆን ሰውን የናቀው ነው። ስለዚህ በቋንቋው ውስጥ የአበላል ብዛት ወደ ሥነ ምግባር ሲያመለክት፣ የገላ ውፍረት ወደ ምቾትና ወደ ክብር አመለከተ። ሁለቱ መንገዶች ሳይገናኙ ለብዙ ዘመን ኖሩ። ያገናኛቸው ሐኪም ቤት ነው።

ውፍረትን ከክብር ጋር ያስተሳሰረው የሥልጣን አወቃቀርም ነበር። «ግብር» የሚለው ቃል ሕዝብ ለገዢው የሚከፍለውንም ገዢው ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላውንም ድግስ ይጠራል። ግብር ማግባትና ግብር ማብላት የአንድ ሥርዓት ሁለት ፊቶች ናቸው። ማብላት የሹመት ምልክት በሆነበት ሥርዓት «ቦርጭ አወጣ» የተባለው ሹም ተነቀፈ ማለት አልነበረም። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ለዚሁ የሆድ ግፋት «ኪታምቢ» የሚል ቃል አላቸው፤ እዚያም የባለጸጋነት ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል።

ሌላው የቆየ መቆጣጠሪያ የጾም ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማሉ፤ ካህናትና መነኮሳት የሚጾሟቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 250 ይደርሳል። የ«ጾም» እና የ«ፍስክ» ክፍፍል ምግብን የሚለየው በዓይነቱና በሰዓቱ ነው፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል በአንድ ወገን፣ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት በሌላ ወገን ይቆማሉ። ይህ ክፍፍል የተሠራበት ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና እንጀራ የሚቀርብበት ነበር። ዛሬ በከተማ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሁሉ «የጾም» ናቸው። ወንፊቱ ቅቤንና ሥጋን ሲይዝ አዲሶቹ ምግቦች ያለ ከልካይ ያልፋሉ። ለዚህ ተወቃሹ ሥርዓቱ አይደለም፤ ሥርዓቱ ሲደነገግ እነዚህ ምግቦች አልነበሩም።

4. የውሰት ቃላት እንደ አመጋገብ ታሪክ

በአማርኛ የሚገኙ የምግብ ውሰት ቃላት በዘመን ቢደረደሩ የአመጋገብ ለውጡን ታሪክ ራሳቸው ይናገራሉ። የመጀመሪያው ንብብር በቀይ ባሕር ንግድና በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፦ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሳምቡሳ። ሁለተኛው የጣሊያንኛ ነው። ከኤርትራ በኩል አስቀድሞ ቢጀምርም በደንብ የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራና ከዚያ በኋላ ነው፦ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ፉርኖ፣ ብስኩት፣ ካራሜላ፣ ቶርታ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጀላቲ፣ ማኪያቶ። ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ነው፦ ኬክ፣ ቺፕስ፣ በርገር፣ ፋስት ፉድ።

ሁለተኛው ንብብር ለቋንቋ አጥኚ ሁለት መልካም ምሳሌዎችን ይሰጣል። «ፉርኖ» በጣሊያንኛ ምድጃው ነው፤ በአማርኛ ስሙ ከመጋገሪያው ወደ ተጋገረው ተዛውሮ ለዳቦው ሆነ፤ በቤት ከሚጋገረው ድፎም ለየው። «ጀላቲ» በምንጩ ብዙ ቁጥር ሲሆን በአማርኛ ነጠላ ሆኖ «ጀላቲዎች» ተብሎ እንደገና ይበዛል። ከቅርጽ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው የይዘቱ አንድነት ነው። ከሦስቱም ንብብሮች የተዘረዘሩት ቃላት አብዛኞቹ የሚሰይሙት ስኳርን፣ የተፈተገ ነጭ እህልን፣ ወይም በዘይት የተጠበሰን ነገር ነው። ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ ጤፉና ገብሱ የአገር ስማቸውን እንደያዙ ናቸው። የውሰት ቃላቱ ዝርዝር ሐኪም ቀንሱ ብሎ ከሚሰጠው ዝርዝር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

ስሙን ሳይበደር ትርጉሙን የተበደረም አለ። «ለስላሳ» የሚለው ቅጽል ሸካራ ያልሆነውን ሁሉ ሲገልጽ የኖረ ነው፤ «ለስላሳ መጠጥ» በሚለው የትርጉም ውሰት በኩል ስም ሆነና ዛሬ «ሁለት ለስላሳ አምጣ» ይባላል። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። መጠሪያው የተመረጠው መጠጡ አልኮል አልባ መሆኑን ለማመልከት ነው፤ በሰሚው ጆሮ ግን ጉዳት የሌለው፣ ለሕፃንም ለእንግዳም የሚስማማ ነገር ሆኖ ይሰማል። በውስጡ ያለውን ስኳር ከስሙ ማንም አይገምትም።

«ጣፈጠ» የሚለው ግሥም ተመሳሳይ ጉዞ ላይ ነው። ወጥ ይጣፍጣል፤ ጨዋታም ይጣፍጣል። «ጣፋጭ» በቅጽልነቱ ይህን ሰፊ ትርጉም እስካሁን ይዟል፤ በስምነቱ ግን ጠብቦ በስኳር የተሠራ ነገር መጠሪያ ሆኗል። «ጣፋጭ ቤት» የሚገባ ሰው የሚያገኘው ኬክ እንጂ ወጥ አይደለም።

ዘይት የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ዘይት የሚጠራው ከፍሬው ጋር ነበር፤ የኑግ፣ የተልባ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ ይባል ነበር። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ሲስፋፋ ሕዝቡ የሰየመው በፍሬው ሳይሆን በጠባዩ ነው፦ «የሚረጋ ዘይት»። «ረጋ» የ«እርጎ» ሥርወ ቃል ነው፤ የሚረጋውን ዘይት በዚህ ግሥ መጥራት ሳይታሰብ ከወተትና ከቅቤ ወገን ይመድበዋል። ስያሜው ትክክለኛ ምልከታን ይዟል፤ ዘይቱ በክፍል ሙቀት የሚረጋው እንደ ቅቤ ጠጣር የሆነ ስብ ስለበዛበት ነው። ስለዚህ ይህ የሕዝብ ቃል ለጤና መምህር ከብዙ ሙያዊ ቃላት የተሻለ መነሻ ይሆነዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመንግሥት ቋንቋም ድርሻ አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ መተሐራም ቆይቶ ተከተለ። ስኳር በአገር ውስጥ መመረት ሲጀምር ከቅንጦት ወደ ዕለት ፍጆታ ወረደ። በኋላም በቀበሌና በሸማቾች ማኅበራት በኩል በወረፋና በኮታ ሲታደል «ዘይትና ስኳር» አንድ ጥምር ሐረግ ሆኑ፤ የአስተዳደሩ መጠሪያም «መሠረታዊ ፍጆታ» ነበር። መሠረታዊ የተባለን ነገር ማጣት ድህነት ነው፤ ማግኘቱም መብት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ለስላሳ መጠጦችን ልዩ ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች ጋር ዘርዝሯቸዋል። አንዱ ስኳር በሱቁ ወረፋ ላይ «መሠረታዊ»፣ በጠርሙሱ ውስጥ «ለስላሳ»፣ በአዋጁ ላይ ታክስ የሚከፈልበት፣ በሐኪም ቤት ደግሞ የበሽታ ስም ነው። እነዚህን አራቱን የሚያስተሳስር ቃል ግን ገና የለም።

5. ከ«ፈጨች» ወደ «አስፈጨች»

ውፍረት የሚመጣው ከሚበላው ብቻ ሳይሆን ከሚደከመውም ነው። የኑሮው ለውጥ በአማርኛ ግሦች ርባታ ላይ ይታያል። በድንጋይ ወፍጮ እህል መፍጨት በሴቶች ጉልበት የሚከናወን የሰዓታት ሥራ ነበር፤ ግሡም «ፈጨች» ነው። የሞተር ወፍጮ ከመጣ በኋላ ግሡ አስደራጊውን ቅጥያ «አስ-» ወሰደ፦ «አስፈጨች»። እንዲሁ «አስጋገረች»፣ «አስወቀጠች» ይባላል። የከተማው ነዋሪ ዛሬ ከአስደራጊውም አልፎ ወደ «ገዛ» ደርሷል፤ እንጀራው ይገዛል፣ በርበሬው ተፈጭቶ ይገዛል፤ ከዚያም ወደ «አዘዘ» ተሸጋግሯል። አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ገዢ፣ አዛዥ የሚለው ቅደም ተከተል የጉልበት ቅነሳ ደረጃዎች መዝገብ ነው። ሴቶች ከወፍጮው ድካም መገላገላቸው ትልቅ በረከት ነው፤ ማንም ወደ ኋላ እንዲመለሱ አይመኝም። ነገር ግን ጉልበቱ ሲቀር በዚያ ጉልበት የሚቃጠለው ምግብ አብሮ አልቀነሰም።

መራመድም እንዲሁ ነው። በገጠር ሰው «ይሄዳል»፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ውሃ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ያለ ጉዳይ መሄድ ስም አላስፈለገውም ነበር። በታክሲ፣ በባጃጅና በሊፍት በሚኖርበት ከተማ መሄድ ራሱ ጉዳይ ሲሆን ከእንግሊዝኛ «ወክ» ተበደርን፤ «ወክ ማድረግ» ይባላል። ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በታላቁ ሩጫ የሕዝብ በዓል ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» የተባለው መኪና የማይነዳበት ቀን ተጀመረ። ለአካል እንቅስቃሴ አዲስ ስም ማስፈለጉ ራሱ ከዕለት ኑሮ የወጣ መሆኑን ያሳያል።

6. «ስኳር» እንደ በሽታ ስም

በአካባቢያችን ቋንቋዎች ሁሉ ለዚህ ሕመም የሚያገለግለው ቃል ከአንድ የንግድ ዕቃ ስም የመጣ ነው። ትግርኛ «ሽኮር» ካለው በኋላ በሽታውን «ሕማም ሽኮር» ወይም «ሽኮርያ» ይለዋል። አፋን ኦሮሞ «ሱካራ» ብሎ በሽታውን «ዹኩበ ሱካራ» ይለዋል። ስዋሂሊ «ሱካሪ» የሚለውን ስም የምድብ ቅድመ ቅጥያ ጨምሮ «ኪሱካሪ» ያደርገዋል። ሶማልኛ «ሶንኮሮው» ከሚለው ሌላ «መዓን» (ጣፋጭ) ከሚለው የተገኘውን «መዓንካ» ይጠቀማል። አማርኛ ሁሉንም አሳጥሮ «ስኳር አለብኝ» ይላል።

ይህ ስያሜ ሁለት ውጤት አለው። በአንድ በኩል መድኃኒቱም መከልከሉም በስኳር ብቻ የሚያበቃ ያስመስላል፤ ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ነጩን ዳቦ፣ ፓስታውንና ቢራውን ከዚህ ሕመም ጋር አያያይዛቸውም። በሌላ በኩል ስኳር ውድ በነበረበት ዘመን በሽታው «የሀብታም በሽታ» ተባለ፤ ድሃው ራሱን ከዝርዝሩ አወጣ። ለደም ግፊት ሕዝቡ የሰጠው የቆየ ስም «ደም ብዛት» መሆኑ ያንኑ አስተሳሰብ ያሳያል፦ በሽታ የመትረፍረፍ ውጤት ነው፤ ያልተረፈው ሰው አይያዝም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን እምነት ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1984ና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ኢትዮጵያውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ሐኪሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕመሙ በፍጥነት ሲስፋፋ መዘገቡ፤ ከታመሙት ውስጥ ገና ወጣት የሆኑና ቀድሞ በምግብ እጥረት የኖሩ ነበሩባቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ማዕዱና የቀኑ ውሎ ነው። በአገራቸው ሚዛን «ወፍራም» ሊባሉ የማይችሉ ሰዎች ለሕመሙ ተጋልጠዋል። ስለዚህ «ውፍረት» የሚለው ቃል ሕመም የሚያሰጋውን ሰው ሁሉ አያቅፍም።

7. ልኩን ማን ይለካዋል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት በጄኔቫ ባካሄደው ምክክር የጸናው መለኪያ የኪሎግራም ክብደትን ለሜትር ቁመት ካሬ ያካፍላል፤ ውጤቱ 25 ሲደርስ አንድ ደረጃ፣ 30 ሲደርስ ሌላ ደረጃ ነው። አማርኛ ለሁለቱ ደረጃዎች ያዘጋጀው «ከመጠን በላይ ክብደት» እና «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» የሚሉትን ነው። ተራው ተናጋሪ «በላይ» ከ«ያለፈ» የትኛው እንደሚብስ ሊያውቅ አይችልም፤ ሁለቱ በዕለት ንግግር አንድ ናቸው። የሕክምናው ልዩነት ባልተለየ የቃል ልዩነት ላይ ተንጠልጥሏል።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። የስዋሂሊው «ኡኔኔ ኡሊዮኪቲሪ»፣ የሶማልኛው «ሐድ ዻፍ» (ወሰን ያለፈ) የሚለው ገላጭ፣ የትግርኛው «ካብ ዓቐን ንላዕሊ»፣ የአፋን ኦሮሞው «ፉርዲነ ገርመሌ» ሁሉም የተሠሩት በአንድ ስልት ነው፦ ነባሩን የውፍረት ቃል ይወስዱና «ልክ ያለፈ» የሚል ገላጭ ይጨምሩበታል። ሴማዊ፣ ኩሻዊና ባንቱ ቋንቋዎች በዚህ መገናኘታቸው የጋራ ታሪካቸውን ያመለክታል፤ ሁሉም ለክሳት የዳበረ ቃል ሲኖራቸው ለተቃራኒው የሚያስፈልጋቸውን ያዘጋጁት በትርጉም ሥራ ነው። ሐረጉ ልክ አለ ይላል፤ ልኩ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ልኩ ያለው በሐኪሙ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ በተናጋሪው ዓይን ግን «ወፈርክ» ዛሬም ምርቃት ነው።

ከምግብ እጥረት ወገን ያለው ልምድ ከዚህ ይለያል። የሕፃናትን የዕድገት ጉድለት ለማስተማር የጤና ባለሙያዎች «መቀንጨር» እና «መቀጨጭ» የሚሉትን የሕዝብ ቃላት መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም መቀንጨርን ለማጥፋት ግብ ሲያስቀምጥ ቃሉ በመላ አገሪቱ ተሰማ። ቀጫጫ አዝመራ ያየ ገበሬ መቀጨጭ ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ነጠላ፣ ነባር፣ ምስል ያለው ግሥ በሐረግ ከተሠራ ሙያዊ ቃል የሚበልጠው በዚህ ነው።

8. መደምደሚያ፦ ለስያሜ ሥራ የሚቀር ትምህርት

እስካሁን ከታየው ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ከነባሮቹ ቃላት መካከል ለሕክምናው እውነት የሚቀርበው «ውፍረት» ሳይሆን «ቦርጭ» ነው። በሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ያለው ዝምድና የታወቀ ነው፤ «ቦርጭ» ቦታውን በአንድ ቃል ያሳያል። ጉድለቱ ቃሉ በልማድ ለወንድ ማድላቱ ነው። በከተማ ክብደት መጨመር በሴቶች ላይ ይበልጥ ስለሚታይ፣ ቃሉ ለሴትም ያለ ስድብ እንዲውል ማለማመድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ «መጠን» የሚለው ቃል ከገላ ላይ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ቢመለስ ይሻላል። ባለሙያ ሴት በርበሬና ጨው «ትመጥናለች»፤ «ምጥን ሽሮ» የሚባለውም ቅመሙ በልክ የተቀላቀለ ሽሮ ነው። መመጠን በጓዳው ውስጥ የቆየ፣ የሚከበር ሙያ ነው። ለአንዲት እናት «ውፍረትሽ ከመጠን አልፏል» ማለት ገላዋን መክሰስ ነው። «ዘይቱንና ስኳሩን መጥኚው» ማለት ግን በምታውቀው ሙያ ማዘዝ ነው፤ ምን እንድታደርግም ይነግራታል።

ሦስተኛውና አሳሳቢው ነጥብ ይህ ነው። በከተማ ወጣቶች ንግግር፣ በተለይም በሴቶች መካከል፣ «ወፈርሽ» ከምርቃትነት ወደ ስድብነት እየተዛወረ፣ «ቀጠንሽ» ደግሞ ሙገሳ እየሆነ ነው። ቃሉ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን የጤና ትርጉም ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ምርቃት የነበረው ሐፍረት ሆኖ ቢቀር፣ ሰው ስለ ልቡና ስለ ደሙ አንዳች ሳይማር ስለ መልኩ ብቻ ይጨነቃል። ያውም ከመቶ ሃያ ሁለት ሴቶች ከስተው በተገኙበት አገር ክሳትን ውበት ማድረግ ሌላ አደጋ ነው።

የቋንቋ ሊቃውንትና የጤና ባለሙያዎች እስካሁን በስያሜ ሥራ የሚገናኙት ሙያዊ ቃል ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ነው። ከዚህ ይልቅ መጀመሪያ ነባሩ ቃል ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚያስደስትና ማንን እንደሚያሳፍር መመርመር ይገባል። ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ መጥገቡን በምርቃት ቢቀበል አያስወቅሰውም። የሚቀረው ሥራ ምርቃቱን ሳይሽር፣ ስለ ማዕዱ ልክ የሚናገርበትን ቃል ከገዛ ጓዳው አውጥቶ መስጠት ነው።